ሁለት ጊዜ እምቢ፣ አንድ ጊዜ እሺ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሳይቀጣጠር ሰላም መባባል ካቆመ ቆይቷል። በየቤቱ ሳሎን ጥግ የተቀመጠው ኮምፒውተር ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ለጎረቤቱ ሁሉ "እንዴት አደራችሁ" ይልካል፤ የጎረቤቶቹ ኮምፒውተሮችም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ" ብለው ይመልሳሉ። በረንዳ ላይ ወጥተው ጥርሳቸውን የሚፍቁ ጎረቤታሞች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ግን አንገታቸውን እንኳ አይነቀንቁም። ተባብለው ጨርሰዋልና ሁለተኛ ሰላምታ ማሾፍ ይመስላል። የታመመ በየማክሰኞው ይጠየቃል፤ የወለደች በወለደች በሦስተኛው ቀን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ትባላለች፤ የተጣላ በወር መጨረሻ ይቅር ይባባላል። ሁሉም በጊዜ ሰሌዳ ነው። ሳይቀጠር በር የሚያንኳኳ ሰው ካለ የያዘው መርዶ ነው፤ ስለዚህ በር ሲንኳኳ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የሚከፍቱት።

አቶ ኪሩቤል ይህ ሁሉ ደስ ይላቸዋል። ስማቸው እንደሚናገረው፣ እንዲህ ያለ ስም ይወጣ በነበረበት ዘመን የተወለዱ ሽማግሌ ናቸው። እነ ኪሩቤል፣ እነ ናታን፣ እነ ሄመን አሁን ሸብተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነጽር የሚፈልጉ ሰዎች ሆነዋል፤ ልጆቻቸውን ደግሞ ዘመናዊ ስም ነው ብለው አስካለ፣ ጥላዬ፣ በላይነሽ እያሉ ሰይመዋል። አቶ ኪሩቤል ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአውቶቡስ መናኸሪያ የስምሪት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ሰሌዳ የሚባል ነገር የእሳቸው ርስት ነው። ሌላው ሰው ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የማኅበራዊ ሕይወት ሰሌዳ ገዝቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጭን እሳቸው ጥቁሩን ስክሪን ከፍተው ትእዛዙን በገዛ ጣታቸው ይጽፋሉ፤ ይህንንም ለሚሰማቸውም ለማይሰማቸውም ይናገራሉ።

ጥር እንደገባ፣ የከተማውን የጋብቻ ጥያቄ ሁሉ የሚያስተላልፈው የሽምግልና ማዕከል አንድ ነገር አስታወቀ። ከበሬሳ ወንዝ ማዶ የሚኖሩት የአቶ ናታን ልጅ ጥላዬ፣ የአቶ ኪሩቤልን አንድያ ልጅ አስካለን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ነው። ጥላዬ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ምሰሶዎች ላይ እየወጣ የሚጠግን ልጅ ነው። አስካለ የከብት ሐኪም ናት። ሁለቱ ከተዋደዱ ዓመታት ስላለፉ ዜናው ማንንም አላስደነገጠም፤ የአስካለ እናት ወይዘሮ ሄመን ብቻ ጓዳ ገብተው ትንሽ አለቀሱና ተመለሱ።

ሽማግሌ ይላካል ሲባል እንደ ድሮው ሦስት ሰዎች ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው ደጅ ይቆማሉ ማለት አይደለም። ሦስቱ የተከበሩ ሽማግሌዎች እሑድ ጠዋት አልጋቸው ላይ ናቸው። የሚለምነው ኮምፒውተራቸው ነው፤ የሚመልሰውም የልጅቷ አባት ኮምፒውተር ነው። የማዕከሉ ደንብ አጭር ነው። ጥያቄው በየእሑዱ ይቀርባል። ያልተመለሰ ጥያቄ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። በሽምግልና መሀል ቃል መለወጥ ነውር ስለሆነ የመጀመሪያው መልስ ከተሰጠ በኋላ የቤቱ ሰሌዳ ይታሸጋል፤ ሁለቱ አባቶችም አይነጋገሩም። እምቢታው አምስት ከሞላ ጉዳዩ ለሰባት ዓመት ይዘጋል፤ ያለ ማዕከሉ ማረጋገጫ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ማንንም አያጋባም። ይህን የመጨረሻውን ደንብ ልብ ብሎ የሚያነበው የለም። ጨዋ ቤት ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው እሺ እንደሚል ማን ያጣዋል።

አቶ ኪሩቤል ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መነጽራቸውን አጥልቀው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ወይዘሮ ሄመን መመሪያውን ይዘው ከኋላቸው ቆሙ።

"መጀመሪያ ይሄን አንብበው እንጂ፣ ኪሩቤል።"

"ስንት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ያሰማራሁ ሰው ሰሌዳ አጻጻፍ ከመመሪያ ልማር?"

"አውቶቡስና ሽማግሌ አንድ ነው እንዴ?"

"አውቶቡስ ይብሳል። አውቶቡስ ተሳፋሪ አለው።"

ሰሌዳው አምስት ዐምድ አለው፤ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ዕለት። ከዚያ ቀጥሎ ማሽኑ የሚሠራው ሥራ ይጻፋል። የፈለገው ይሁን የሚባልበት ዐምድ ላይ ኮከብ ይደረጋል። አቶ ኪሩቤል በሁለት ጣታቸው እየመቱ የመጀመሪያውን መስመር ጻፉ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሰባትና አሥራ አራት ቀን፣ ወሩ ላይ ኮከብ፣ ዕለቱ እሑድ፣ ሥራው እምቢታ። ሁለተኛውን መስመር ጻፉ፤ ሦስት ሰዓት ከአምስት፣ ሃያ አንድ ቀን፣ ወሩ ላይ ኮከብ፣ ዕለቱ እሑድ፣ ሥራው እሺታ። አምስቷ ደቂቃ እሺ ከመባሉ በፊት ትንሽ ማስጠበቅ ያምራል ብለው የጨመሯት ናት። ቀኑን ጽፈው ሲያበቁ ዕለቱንም መጻፋቸው የመናኸሪያ ልማድ ነው። በስምሪት ወረቀት ላይ ቀኑንም ዕለቱንም ካልጻፉለት፣ ሹፌር የሚባል ፍጡር ተሳስቶ በማግስቱ ይመጣል።

በመጨረሻም እምቢታው ምክንያት ይኑረው፣ ምክንያቱ ጨዋ ይሁን፣ አይደገም ብለው አዘዙ። ድምፁ የራሳቸው እንዲሆን፣ ግን ትንሽ እንዲወፍር አደረጉ። ከዚያ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ። በዚያች ሰዓት ከእሳቸው የበለጠ የተደሰተ አባት ከተማው ውስጥ አልነበረም።

የመጀመሪያው እሑድ እንደ ሰዓት ሄደ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ አመጣጣችሁን አክብረናል፤ ዳሩ ግን ልጃችን ገና ትምህርት ላይ ናት" አለ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቷን የያዘችው አስካለ ቁርሷን እየበላች ነበር። "የቱ ትምህርት ላይ?"

"ዝም በይ" አሉ አባቷ በኩራት። "ጨዋነት ነው።"

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ማሽኑ "የሚመለስ ሌላ ጥያቄ የለም" ሲል አቶ ኪሩቤል ትጋቱን አደነቁ። ያን ጊዜ ጠርጠር ቢያደርጉ ኖሮ ብዙ ነገር በቀረ ነበር።

በሁለተኛው እሑድ ማሽኑ ዘር እስኪቆጠር ድረስ መልስ መስጠት እንደሚቸግር ተናገረ። ማዕከሉ በሳምንቱ ውስጥ ዘር ቆጥሮ ላከ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና የለም፤ በስምንተኛው ላይ ግን የሁለቱም ወገን ቅድመ አያቶች በአንዲት በቅሎ ተካሰው ነበር፤ ክሱም እስካሁን አልተዘጋም። ወይዘሮ ሄመን ይህን ሲሰሙ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

በሦስተኛው እሑድ ቤቱ ተወለወለ። ወይዘሮ ሄመን ዶሮ ሠሩ፤ አስካለ ጥልፍ ቀሚሷን ለበሰች፤ አቶ ኪሩቤል ለመናኸሪያው የብር ኢዮቤልዩ የተሰፋላቸውን ሙሉ ልብስ አጠለቁና ኮምፒውተሩ ፊት ቆሙ። እሺታው እንደተላለፈ ወይዘሮ ሄመን እልል ሊሉ አፋቸውን አዘጋጅተዋል።

ሦስት ሰዓት ሆነ።

"የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ አመጣጣችሁን አክብረናል፤ ዳሩ ግን ታላቅ እህቷ ሳትዳር ታናሺቱን መዳር በቤታችን ደንብ የለም።"

ወይዘሮ ሄመን አፋቸውን ዘጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ማሽኑ የሚመለስ ሌላ ጥያቄ እንደሌለ አስታወቀ።

"እማዬ፣ ታላቅ እህት አለችኝ?" አለች አስካለ።

"እኔ የማላውቃት ካልሆነች" አሉ ወይዘሮ ሄመን፣ ዓይናቸውን ባላቸው ላይ ተክለው።

አስካለ ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ እምቢ ያልከው አንተ ነህ ወይስ ማሽኑ?"

እዚህ ላይ አቶ ኪሩቤል "ተሳስቻለሁ" ቢሉ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ግን አንድ አውቶቡስ በስህተት አሰማርቼ አላውቅም እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መመሪያ አላነብም ያሉትም ሚስታቸው ፊት ነው። ላብ ላብ አላቸው። "እኔ ነኝ" አሉ። "ሆን ብዬ ነው። ልጄን በሦስት ልመና የምሰጠው ገበያ ላይ አግኝቻት ነው?"

አስካለ ጥልፍ ቀሚሷን አውልቃ የሥራ ልብሷን ለበሰችና አንዲት ምጥ የያዛት ላም አለች ብላ ወጣች። በዚያ እሑድ ምጥ የያዛት ላም እንደሌለች ሦስቱም ያውቁ ነበር።

ሳምንቱን አቶ ኪሩቤል ጥቁሩን ስክሪን እየከፈቱ ሲዘጉ ሰነበቱ። ሁለቱም መስመሮች ዓይናቸው ፊት ናቸው፤ ስህተት የላቸውም፤ መንካት ግን አይቻልም። ሊነኩ ሲሞክሩ ማሽኑ በራሳቸው ወፍራም ድምፅ "በሽምግልና መሀል ቃል አይለወጥም" ይላቸዋል። ማኅተሙ እንዲነሳ ለማዕከሉ አመለከቱ። ማዕከሉ በትህትና ቀጠሮ ሰጣቸው፤ ቀጠሮው ከአምስተኛው እሑድ ማግስት ሰኞ ነው። ኮምፒውተሩን ነቅለው ጓሮ ስለመጣልም አስበው ነበር፤ ያልተመለሰ ጥያቄ እንደ እምቢታ ይቆጠራል የሚለው ትዝ ሲላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ማዕከሉ በበኩሉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እምቢታ ምክንያት ካለው ምክንያቱን ማንሳት የሽማግሌ ሥራ ነው። ታላቅ እህት ሳትዳር ከተባለ ታላቅ እህትን መዳር ነው መፍትሔው። ስለዚህ በአራተኛው እሑድ ወደ አቶ ኪሩቤል ቤት ሁለት ጥያቄ መጣ። ፊት የቆመው ጥላዬ ለአስካለ ነው። ከኋላው የተሰለፈው፣ ማዕከሉ ፈልጎ ያገኘው ላጤ የጂኦግራፊ መምህር ኤልዳድ፣ ለታላቅ እህቷ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ እምቢታው ፊት ያለውን ጥያቄ አነሳና፣ የልጁ ሰፈር ነፋስ ስለሚበዛበት እንደሚያሳስባቸው ተናገረ። ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ እሺታው ብድግ ብሎ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ አነሳ። "ልጃችንን ሰጥተናል" አለ በደስታ። "ያብቡ፣ ያፍሩ።"

"ማንን ነው የሰጠነው?" አሉ ወይዘሮ ሄመን።

አቶ ኪሩቤል ጥቁሩን ስክሪን እንደገና ከፈቱ።

መምህር ኤልዳድ ረቡዕ በተያዘለት ቀጠሮ መጣ። አርባውን ያለፈ፣ ፀጉሩን በውሃ ያስተኛ፣ ሲቀመጥ ሶፋውን እንዳያጨናንቅ ጫፉ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ለሙሽራዪቱ ስጦታ ብሎ በእግር የቆመ ትልቅ የዓለም ካርታ ሉል ይዞ መጥቷል። ወይዘሮ ሄመን ሻይ አቀረቡለትና ባላቸው እንዴት እንደሚወጡት ለማየት ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"እሷስ?" አለ ኤልዳድ ወደ ጓዳው እያየ።

"የለችም" አሉ አቶ ኪሩቤል። እውነታቸውን ነው።

"ሥራ ላይ ናት?"

"እንደሱም ማለት አይቻልም።"

ኤልዳድ ራሱን ነቀነቀ። "አይናገሩ፤ ገባኝ። ዓይናፋር ናት። እኔም ዓይናፋር ነኝ፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት። ስሟን ብቻ ቢነግሩኝ።"

አቶ ኪሩቤል አፋቸውን ከፈቱ። የሌለችን ልጅ ስም መጥራት እንዴት እንደሚያሳፍር እስከዚያች ቀን አያውቁም ነበር፤ አንጀታቸውን የበላው ደግሞ ሰውየው ደግ መሆኑ ነው።

"ግድ የለም" አለ ኤልዳድ ሊገላግላቸው። "ስሟን ከራሷ አንደበት ብሰማ ይሻላል። የሠርጉ ቀን እንዲቆረጥ ለእሑድ ጥያቄ አስገባለሁ።" ሉሉን በቀስታ አንዴ አዙሮ፣ ኢትዮጵያን ወደ በሩ አስተካክሎ ሄደ።

ማታ አስካለ ስትመጣ ሉሉን አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀች። እናቷ ነገሯት። አልሳቀችም። አባቷ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች፤ ከእሷ የግርግምና የመድኃኒት ሽታ ይመጣል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ሥራ ነው።

"አባዬ፣ የጥላዬ አባት 'ቤቱ አልፈለገንም' ብለዋል። ስለ ነፋሱ በተባለው አዝነዋል። እሑድ አምስተኛው ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሰባት ዓመት እንጠብቃለን፤ ተነጋግረናል። ከቃልህ ወጥቼ አላዋርድህም፣ ማዘጋጃ ቤቱም አይቀበለንም። ግን ያኔ ሠላሳ ስድስት ይሞላኛል። ለምን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ። ጥላዬን ጠልተኸው ነው?"

"አልጠላሁትም።"

"ታዲያ?"

አቶ ኪሩቤል ሉሉን አዩ። በጣታቸው ወደ ራሳቸው አዞሩት። አስካለ ትንሽ ጠብቃ ደህና እደር ብላ ገባች።

ወይዘሮ ሄመን ያን ጊዜ መመሪያውን አመጡና ጠረጴዛው ላይ ከፍተው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አደረጉ። ቀንና ዕለት ሁለቱም ከተጻፉ፣ ይላል መመሪያው፣ ከሁለቱ አንዱ በገጠመ ቁጥር ሥራው ይሠራል። አቶ ኪሩቤል አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ወልውለው እንደገና አነበቡት። እሑድ ስላሉ በየእሑዱ ነው። እምቢታውም እሺታውም በየእሑዱ ይነሳሉ፤ ቀድሞ የሚነሳው ግን እምቢታው ነው። ቀኑን ብቻ ቢጽፉ ኖሮ ልጃቸው ይሄኔ የሠርግ ጫማ ትለካ ነበር።

"መቼ ነው ያየሽው?" አሉ በደከመ ድምፅ።

"በሦስተኛው እሑድ፣ ዶሮው ሳይቀዘቅዝ።"

"ታዲያ ዝም አልሽ?"

"ሆን ብዬ ነው አልክ እኮ። ባሌን ልጁ ፊት ውሸታም ላድርገው?" ወይዘሮ ሄመን መመሪያውን ዘጉት። "አሁን አንድ መንገድ ነው ያለህ። የማዕከሉን ደንብ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። አባቶች አይነጋገሩም ይበል እንጂ፣ የልጅቷ አባት በራሱ አፍ ለወንዱ ልጅ አባት፣ ፊት ለፊት፣ ከሦስት ሰዓት በፊት የተናገረው ቃል ከሰሌዳው ይበልጣል። ናታን ቤት መሄድ ነው።"

"ሳይቀጠር?"

"ሳይቀጠር።"

"በእግሬ?"

"ከፈለግህ አውቶቡስ አሰማራ።"

በአምስተኛው እሑድ ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አቶ ኪሩቤል ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ሰው ያለ ቀጠሮ በእግሩ ሲሄድ የታየበት ጊዜ ሩቅ ስለሆነ ከየበረንዳው ዓይን ይከተላቸው ጀመር። ጥርሱን የሚፍቅ ሁሉ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ጥቂት ራቅ እንዳሉ ከኋላቸው እግር ሰሙ። ዞር ሲሉ ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይከተሏቸዋል። መርዶ ይዞ የሚሄድን ሰው ብቻውን መተው ነውር ነው።

"ማንም አልሞተም" አሏቸው አቶ ኪሩቤል።

"እናውቃለን" አለ አንዱ በሐዘኔታ። "እንደሱ ነው የሚባለው።"

"እውነቴን ነው፣ ሁሉም ደህና ነው።"

"አይዞዎት፣ ጋሼ። እዚያው ሲደርሱ ቀስ ብለው ይነግሯቸዋል።"

የበሬሳን ድልድይ ሲሻገሩ ተከታዩ መንገዱን ሞልቶ ነበር፤ ከተከታዩ ፊት ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መምጠጥ ጀምረዋል። አቶ ኪሩቤል የናታንን በር ሲያንኳኩ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የአቶ ናታን ባለቤት ወይዘሮ ሶሊያና ከፈቱ፤ ነጠላቸውን እንደ ደንቡ አዘቅዝቀዋል። እንግዳውን አዩ፣ ከኋላ ያለውን ሕዝብ አዩ፣ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"ማን ነው?" አሉ። "ንገሩኝ፣ ማን ነው?"

"ማንም አይደለም፣ እመቤቴ።"

"ታሞ ነው? ሆስፒታል ገብቶ ነው?"

"ማንም አልታመመም፤ ሁሉም ደህና ነው።"

መርዶ ሁልጊዜ የሚጀመረው በዚህ ቃል ነውና ወይዘሮ ሶሊያና ጮኹ። ግቢ የገባው ሰው ለቅሶውን ተቀበላቸው። አቶ ናታን ካልሲ ባደረገ እግራቸው ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ወጥተው ሶፋ ክንድ ላይ ዘፍ አሉ። አቶ ኪሩቤል ሳሎኑ ገብተው በሁለቱም እጃቸው ዝም በሉ እያሉ ቢያወናጭፉ ሰዉ ደረታቸውን ሊመቱ ነው ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። በግድግዳው ሰዓት ላይ አንዲት ደቂቃ ቀርታለች።

"እሺ ልል ነው የመጣሁት" አሉ አቶ ኪሩቤል ባላቸው ድምፅ ሁሉ።

ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ።

"ሰሌዳውን ተሳስቼ ጽፌው ነው፣ አቶ ናታን። በሦስተኛው እሺ ልል ነበር። ማሽኑ አይደለም የተሳሳተው፣ እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው ያልኩትም ውሸት ነው። ነፋሱንም እኔ አላልኩም፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ነፋስ የሌለበት የት አለ።"

አቶ ናታን ቀና ብለው አዩአቸው። "ታዲያ ቃሉን ይናገሩት" አሉ።

ቃሉ አጭር ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ማሽኑ መምህር ኤልዳድን ሲቀበል ያለ አንዳች ችግር ብሎታል። አቶ ኪሩቤል ልጄን አሉ፤ እዚያ ላይ ተያዙ። ለምን እንደሆነ አሁን ገባቸው። እምቢታው በየእሑዱ ሲላክ አፍረዋል፣ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ግን ከዚያ ሁሉ ሥር የሆነች ትንሽ ደስታ ነበረች፤ አንድ ሳምንት ደግሞ አስካለ ቤት ውስጥ ናት የምትል ደስታ። ለልጃቸው ጥያቄ ሊመልሱ ያልቻሉት ይህችን ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በማንም ሰው ፊት አልቅሰው የማያውቁ ሰው ናቸው።

"ልጄን" አሉ እንደገና፣ "ሰጥቻለሁ።"

ሰዓቱ ሦስት ሆነ። ወዲያ ማዶ ባዶ ሳሎን ውስጥ ማሽኑ ጉሮሮውን ጠርጎ እምቢታውን አነሳ፤ የአስካለ ጥያቄ ግን ተመልሷል። ሰልፉ ላይ የቀረው የመምህር ኤልዳድ የሠርግ ቀን ነበርና በጨዋ አንደበት ሙሽራዪቱ ሐሳቧን እንደለወጠች ነገረው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተነሳው እሺታ የሚመለስ ጥያቄ አጥቶ ተኛ። ኤልዳድን በማግስቱ አቶ ኪሩቤል ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት፤ የሐዘን ጊዜውን ሰሌዳው ላይ ሞልቶ ጨርሶ ነበር።

በናታን ሳሎን ውስጥ ሰዉ ሁሉ እልልታ ይጠብቃል። ወይዘሮ ሶሊያና ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። አቶ ናታን ተነሱ፣ ጋቢያቸውን ፈልገው ደረቡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እናስብበት" አሉ።

አቶ ኪሩቤል የሰሙትን አላመኑም። "ምኑን?"

"አራት እሑድ ሙሉ እምቢ ተብያለሁ" አሉ አቶ ናታን፣ ፊታቸው ሳይስቅ ዓይናቸው እየሳቀ። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ይባባሉ ነበር፤ አሁን ግን ልጅ ሆነው አብረው ኳስ ወዳሳደዱበት አንተ ተመለሱ። "ልጄ ነፋስ ላይ ነው የሚኖረው ተብያለሁ። የቅድመ አያቴ በቅሎ ሳትቀር ተነስታለች። ዛሬ አንተ አንዴ ስለመጣህ እሺ ብልህ፣ ሰው ልጁን ገበያ ላይ ነው እንዴ ያገኘው አይለኝም? በሚቀጥለው እሑድ ተመለስ። ያኔም እምቢ እልሃለሁ። በሦስተኛው እናያለን።"

"በእግሬ ልምጣ?"

"ታዲያ በምን? ማሽንህ ድርሽ እንዳይል።"

አቶ ኪሩቤል ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ተከታዮቻቸው ከበዋቸው፣ አፋቸውን ሞልተው እያወሩ፣ ሳይቀጠሩ እየተሳሳቁ ሄዱ። አስካለና እናቷ ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ። አስካለ የአባቷን ቀይ ዓይን አይታ ደነገጠች።

"ምን አሉ?" አለች።

"እምቢ አሉ።"

"እንዴት እምቢ?"

"ያስቡበታል። ገና ሁለት እሑድ ደጅ እጠናለሁ፤ በሁለተኛው ይሰጡናል።" እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። "ተሳስቼ ነው፣ ልጄ። እምቢ ያልኩት እኔ አልነበርኩም። ግን ደስ ብሎኝ ነበር።"

አስካለ ለጥቂት ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ ግንባሯን ደረታቸው ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ስትስቅም አለቀሰች። ወይዘሮ ሄመን ዶሮው እንዳይቃጠል ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። አቶ ኪሩቤል የልጃቸውን ፀጉር እየዳሰሱ ሁለቱን እሑዶች አሰቧቸውና፣ ናታን ምነው አራት እሑድ ባለኝ ብለው ተመኙ።